የዋይደንፉርቱ ክፍሌ

ክፍሌ የእኔ ተከራይ ነበር። ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከልብስ ማስተካከያ ሱቄ በላይ ባለው ፎቅ፣ እኔና ልጄ ሰሎሜ በመንገዱ በኩል፣ እሱ በጓሮው በኩል ባለችው ክፍል ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ጨዋ ሰው ነው። ምግብ አይመርጥም፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሳይነግሩት ይሠራል፣ ሲገባም ሲወጣም በር አያላትምም። አንድ ዐመል ብቻ ነበረበት፤ ያቺ አንድ ዐመል ግን የዳንፎርዝን ሐበሻ በሙሉ ስታሰለች ኖራለች።

ሰው ሲሰበሰብ አንዱ የፒያሳን፣ አንዱ የጎንደርን፣ ሌላው የድሬዳዋን ያነሣል። ክፍሌ የሚያነሣው ዋይደንፉርትን ነው። ዋይደንፉርት ማለት ጀርመን አገር፣ ማይን የሚባል ወንዝ ዳር ያለች፣ እኔ ካርታ ላይ ፈልጌ ያጣኋት ከተማ ናት። ሕዝቧ አራት ሺህ አይሞላም አሉ። በስደት ሲንከራተት መንግሥት እዚያ ወስዶ ጥሎት ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ነው፤ ነገር ግን "በእኛ ከተማ" ሲል ደብረ ብርሃንን ማለቱ እንዳልሆነ ለመረዳት ጥቂት ወር ፈጅቶብኛል።

"በእኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ የቆመው በእንጨት እግር ላይ ነው" ይላል። "ከሥሩ ገበያ ይውላል። ዝናብ ቢመጣ ነጋዴው ንቅንቅ አይልም።"

ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወንዙ የሞላባቸው ዓመታት በመስመር በመስመር ተቀርጸዋል፤ የላይኛው መስመር ከክፍሌ ራስ ይበልጣል፤ ክፍሌ ደግሞ አጭር ሰው አይደለም። ወንዙ ዳር ክብ ግንብ አለ፤ ድሮ እስር ቤት ነበር፤ የከተማው ሰው "ወፍራሟ አና" ይለዋል፤ በሩ መሬት ላይ ሳይሆን እወገቡ ላይ ነው፤ እስረኛ የሚወርደው በገመድ ነበር አሉ። ድልድይ የለም። ወንዙን የሚሻገሩት በብረት ገመድ በምትጎተት ሰፊ ጀልባ ነው። ይህን ሁሉ ያላየሁትን አገር፣ ዓይኔን ብታስሩኝ በዳሰሳ እሄድበት ነበር።

ከሁሉ የምወደው የሰዓቱን ወሬ ነው፤ ልዋሽ አልችልም። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሰዓት ያለው በሦስት ጎኑ ብቻ ነው። አራተኛው፣ ወደ ወንዙ ማዶ የሚያየው ጎን፣ ባዶ ነው። ግንቡ ሲሠራ የማዶ ሰዎች አናዋጣም ስላሉ "እንግዲያው ስንት ሰዓት እንደሆነ አታውቁም" ተብለው ነው። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ! እንዲህ ያለው ቂም ከእኛ አገር ሰው በቀር ያለበት አይመስለኝም ነበር።

ስሙን "ጀርመኑ ክፍሌ" አሉት። አንድ ቀን በጋ ላይ ዶን ወንዝ ዳር ለሽርሽር ይዘነው ብንወርድ ቆሞ አየና "ይሄ ቦይ ነው" አለን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሀብተማርያም ወትሮም አፋቸው አያርፍም፤ "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ አንተ ደግሞ ወንዙን ራሱን ይዘህ ትዞራለህ" አሉት። ክፍሌ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ሲቀልዱበት አይከፋውም፤ ወሬውንም አይተውም።

የነገሩ ሥር ፍራው ሄድቪግ የምትባል ሴት ናት። ፍራው ማለት በእነሱ ወይዘሮ ማለት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ በጀልባው ማቆሚያ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነበረች። ክፍሌ እዚያ ሲደርስ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ስደተኞቹን ያስቀመጧቸው ባረጀ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሲሆን መሥራት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ሲያይ ይውላል። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣለት። እናቱ ከአራት ወር በፊት አርፈዋል። ደብዳቤውን ብቻውን አንብቦ፣ ጀልባው ማቆሚያ ደረጃ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሄድቪግ በመስኮት አየችው። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን ሆነህ ብላ አልጠየቀችም፤ ቢነግራትም ቋንቋው ገና ነበር። በነጋታው ሾርባ ይዛ መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። ሐዘን በእኛ ዘንድ ሦስት ቀን መሆኑን ማን እንደነገራት ክፍሌ እስከ ዛሬ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ከማረፊያው አውጥታ ቤቷ አስገባችው፤ ባሏ አናጢ ነበርና መሣሪያውን ከፍታ ሰጠችው፤ መስኮትና በር መጠገን የተማረው በዚያ ነው። ቶሮንቶም የበላበት በዚያው ሙያ ነው፤ የአንድ ትልቅ ሕንፃ መስኮት ሁሉ የእሱ ኃላፊነት ነበር።

ጀርመን ጥገኝነቱን ከለከለው። የዋይደንፉርት ቤተ ክርስቲያን ጽፎ አስጽፎ ካናዳ ላከው። ሄድቪግ በየወሩ ትጽፍለታለች፣ በገና ትደውልለታለች፤ አንድ ጊዜ በእሷ ገና፣ አንድ ጊዜ በእኛ ገና። በመስከረም 1996 እንደ ፈረንጅ የካናዳ ፓስፖርቱ ደረሰ። "በጸደይ እሄዳለሁ፣ ዛፉ ሲያብብ" አለን። እኔም "ሴትዮዋ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ምን አበባ ታስጠብቃታለህ?" አልኩት። በቀልድ ነበር።

አሁን ስለ እኔ ልናገር፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ስሜ ያለምወርቅ ነው። በዳንፎርዝ መርዶ የማረዳው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ። ወንድሜ አገር ቤት ያረፈ ጊዜ እኔ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው ፋብሪካው ድረስ ደውሎ፣ አለቃዬ ጠርታኝ፣ በዚያ ሁሉ የስፌት መኪና ጩኸት መሀል በቆምኩበት "ወንድምሽ ሞቷል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለኝና ስልኩን ዘጋ። ደግፎ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ወደ መኪናዬ ተመልሼ የጀመርኩትን ኮሌታ ጨረስኩ። ያን ቀን ማልኩ፤ እኔ እያለሁ ማንም የእኔ ወገን መርዶውን በስልክ አይሰማም ብዬ። መርዶ በማለዳ ነው። ሰው ተሰብስቦ ነው። ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ፣ እንቅልፍ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ነው። ከአገር ቤት የሚደውለውም ሰው ይህን ስለሚያውቅ "ሞቷል" አይልም፤ "ትንሽ አሞታል" ይላል። ያኔ እኛ ነገሩ ይገባናል፤ ነጠላችንን እናዘጋጃለን።

በጥቅምት፣ ረቡዕ ቀን፣ ክፍሌ ሥራ ሄዶ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁ። አንድ ሽማግሌ ሰው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ኦስቫልድ እባላለሁ አለኝ። አወቅሁት፤ የጀልባው ነጂ፣ የሄድቪግ ጎረቤት ነው፤ የክፍሌን ወሬ ስድስት ዓመት ሰምቼ እንዴት ላላውቀው? "ፍራው ሄድቪግ ቬሪ ሲክ። ሆስፒታል። ክፍሌ ከም። ኩዊክ" አለኝ። በሚገባ ሰማሁት፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። እነግረዋለሁ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ፤ ዘግቼም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሄድቪግ ሞታለች ማለት ነው።

ሰሎሜ ከኮሌጅ ስትመጣ ነገርኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት።

"ማሚ፣ ምን አለሽ? ኤግዛክትሊ ምን አለ?"

"በጣም ታማለች፣ ሆስፒታል ናት፣ ቶሎ ይምጣ አለኝ።"

"ሶ ታማለች። ሲክ ማለት ሲክ ነው። ጀስት ቴል ሂም!"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ሰው መርዶ እንዴት እንደሚረዳ እኔ ነኝ የማውቀው" አልኳት።

"ማሚ፣ ዘይ አር ጀርመን!"

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ልጅ ያወቀውን እኔ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ አላወቅሁም። ጀርመን ሰው አይደለም ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ሰው የሆነ ሁሉ መርዶን የሚያለሰልስ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሀብተማርያም ጋ ሄድኩ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው "ሞታለች፤ በይ እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ ይሁን፣ ሰዉ ሥራ የለውም" አሉኝ። ለጸጉር ሠሪዋ ለምሥራቅ ነገርኩ፤ ምሥራቅ ሙሾ ታወርዳለች፤ ለሌሎቹም በየስልኩ ነገርኩ። ክፍሌን ብቻ ሳይሆን ስልኩንም ጠበቅሁ፤ እሱ ሳያነሣው እኔ እንድደርስ ሱቄን ለሁለት ቀን በጊዜ ዘጋሁ።

ሐሙስ ማታ እራት አብረን በላን። ዶሮ ሠርቼለት ነበር። "እትዬ፣ ምን ተገኘ ዛሬ?" አለኝ። "ምን ይገኛል? ብላ" አልኩት። ያን ማታ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሄድቪግ እኔው ጠየቅሁት። ዓይኑ በራ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ ብቅ ብላ ኦስቫልድን "ዛሬ ውሃው እንዴት አደረ?" ትለዋለች፤ እሱም "እንደ ትላንቱ" ይላታል፤ አርባ ዓመት እንዲሁ ሲባባሉ ኖረዋል አለኝ። እሑድ እሑድ ክንዷን ይዞ ወፍራሟ አና ድረስ ይወስዳት ነበር፤ እዚያ ስትደርስ ግንቡን መታ መታ ታደርገውና ትመለሳለች። "ለምን እንደምትመታው ጠይቄያት አላውቅም፤ ስሄድ እጠይቃታለሁ" አለ። እኔ ወጥ ጨመርኩለት። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ አርብ ማታ አውሮፕላን ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያ ያህል ሰው ደረጃውን በቀስታ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ሀብተማርያም በሩን አንኳኩ። ክፍሌ በፒጃማ ከፈተ፤ ሁላችንንም አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"አባቴ ነው?" አለ። አባቱ ደብረ ብርሃን አሉ።

"አይደሉም፣ አባትህ ደህና ናቸው" አሉት ጋሽ ሀብተማርያም። "ፍራው ሄድቪግ ናት። እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ።"

መጀመሪያ የገባው አልመሰለም። ከዚያ እወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እንደዚያ ያለ የወንድ ልቅሶ አይቼ አላውቅም፤ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ ሳይወጣው። ኋላ ድምፁ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "መቼ ነው የምትቀበረው? እሄዳለሁ" የሚል ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁት። ሐዘኑ ላይ መንገድ እንዳይጨመርበት፣ ብቻውን አውሮፕላን ላይ ሲያለቅስ እንዳይሄድ ብዬ ነው፤ ግን ውሸት ነው። "ተቀብራለች፤ አሁን ብትሄድ አትደርስም" አልኩት። ስለ ቀብር ማንንም አልጠየቅሁም ነበር።

ሐዘን ተቀመጥን። ንፍሮ ተቀቀለ፤ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። የገረመኝ ሰዉ ሁሉ ሴትዮዋን ማወቁ ነው። ስድስት ዓመት ሲያሰለቸን ኖሮ ለካ አስተምሮናል! አንዱ "ያቺ ሰዓት የሌላት የግንብ ጎን" እያለ ያለቅሳል፣ ሌላው "ማን ይሆን አሁን በመስኮት ብቅ የሚለው" ይላል። ምሥራቅም ተነሥታ አወረደች፤

ጀልባው በገመድ ነው፣ አይሄድም ያለ ሰው፣
አንቺን ያሻገረሽ ማነው የጎተተው?

ቤቱ ተናጋ። እኔም ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ።

ክፍሌ አንድ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየት ሲያደርግ አየሁት። "የማን ቁጥር አለኝ? የእሷ ብቻ ነው ያለኝ። ባዶ ቤት ሲጮህ መስማት አልችልም" አለኝ። እኔም ተው፣ አትደውል አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ነበርን። ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። እኔ ኩሽና ነበርኩ፤ ክፍሌ ለስልኩ ቅርብ ነበርና እሱ አነሣው። በጀርመንኛ ጀመረ። ሐዘንተኛ ስልክ ሲያነጋግር ሰው ዝም ይላልና ሁላችንም ዝም አልን። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። "ያ... ያ..." ይላል። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሰማ። ስልኩን አስቀምጦ ዞረ።

"አልሞተችም" አለ።

ጋሽ ሀብተማርያም አማተቡ። ምሥራቅ፣ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ እያለ፣ እልል አለች፤ ሁለት ሦስት ሴቶች ተቀበሏት፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የልቅሶው ቤት በአንድ አፍታ የሠርግ ቤት ሆነ። ክፍሌ ግን አልሳቀም። እኔን ነበር የሚያየው።

"እትዬ፣ ኦስቫልድ መቼ ነው የደወለው?"

"ረቡዕ" አልኩ።

"ምን አለዎት?"

"በጣም ታማለች፣ ቶሎ ይምጣ አለኝ። እኔ እኮ... እኛ እንዲህ ስንል..."

"ገብቶኛል" አለ። እልልታው ቆመ። "በሩ በተከፈተ ቁጥር ክፍሌ ነው ወይ ትላለች አለኝ። አራት ቀን ጠብቃኛለች።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሰሎሜ ስልኩን አንሥታ አየር መንገድ ደወለች፤ ማታ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄድ አውሮፕላን ላይ ቦታ አገኘች። ክፍሌ ጢሙን አልተላጨም፣ ጥቁር ሸሚዙን አልቀየረም፤ ፓስፖርቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። ሲወጣ እጄን ስሞኛል፤ ለምን እንደሳመኝ አላውቅም፤ ልማድ ይሆናል።

ረቡዕ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል፤ ደክሞታል ግን ሰላም አለው። ሰኞ ጠዋት መድረሱን ነገረኝ። ሆስፒታሉ ከከተማዋ ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ሄድቪግ ከአልጋዋ ቀና ማለት አትችልም፤ አእምሮዋ ግን ሙሉ ነው። በመስኮቱ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ይታያታል፤ የሚታያት ባዶው ጎን ነው። ክፍሌ ሲገባ የመጀመሪያ ንግግሯ "ስንት ሰዓት ነው? የማዶ ሰው ሆኜ ቀረሁ" የሚል ነበር። ቀጥላ ጥቁር ሸሚዙንና ጢሙን አየች።

"ማን ሞቶብህ ነው?" አለችው።

"ምን አልካት?" አልኩት።

"ምን ልበላት እትዬ? አንቺ አልኳት።"

ነርሷ ምን ሆነች ብላ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቀች አለ። ሳቁ ሲያልፍላት እጁን ይዛ "ስንት ሰው መጣ?" አለችው። ሠላሳ ስምንት አላት። አላመነችም። "የማያውቁኝ ሰዎች?" አለች። ያውቁሻል አላት። ከዚያ አንድ በአንድ ንገረኝ አለችው፤ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ ማን አለቀሰ። ጋሽ ሀብተማርያም ሽማግሌ ናቸው፣ በማለዳ በሩን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ምሥራቅ ጸጉር ሠሪ ናት። የምሥራቅንም ግጥም ተርጉሞ ነገራት፤ "ማነው የጎተተው?" ሲላት "ኦስቫልድ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ!" አለች፤ ኦስቫልድም እግርጌዋ ተቀምጦ ኖሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በነጋታው እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ አለችው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ። ስለ እኔም ጠይቃለች፤ ያቺ አከራይህ ምን አለች ብላ።

"ምን አልካት?"

"ደረቷን መትታ አለቀሰችልሽ አልኳት።"

ክፍሌ በደረሰ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። "እትዬ፣ ብቻዎን ነዎት?" አለኝ። ሰሎሜ አጠገቤ እንዳለች ነገርኩት። "ሄድቪግ አረፈች" አለኝ። ያለ ታማለች፣ ያለ ደክማለች፣ በቀጥታ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር እየደወልኩ ለሰዉ ሁሉ መርዶ በስልክ ነገርኩ፤ ጋሽ ሀብተማርያምን ሳይቀር። "አሁንስ እውነት ነው?" አሉኝ። ይገባኛል።

በኅዳር መጨረሻ ተመለሰ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ከስቶ። ቀብሯ ላይ ዘጠኝ ሰው ነበር አለኝ፣ ቄሱንና እሱን ጨምሮ። የእድሜ እኩዮቿ ሁሉ ቀድመዋት አልቀዋል፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ትልልቅ ከተማ ገብተዋል። ወፍራሟ አናን ለምን እንደምትመታ ጠይቆ ነበር፤ "ልጅ ሆኜ እፈራት ስለነበር ነው" ብላዋለች።

እንዲህ እያወራን ሻይ ስንጠጣ፣ ከወር በላይ ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት።

"ክፍሌ፣ አራቱ ቀን ጎድቷል ወይ?"

ሲኒውን አስቀመጠ።

"ይቅር፣ አትንገረኝ" አልኩት።

"ጠየቁኝ፤ እነግርዎታለሁ" አለ። "ረቡዕ ዕለት መቀመጥ ትችል ነበር። ከሆስፒታል አውጥቼ ወንዙን አሻግሬ ቤቷን እንዳሳያት ፈልጋ ነው የጠራችኝ። ሐኪሙ ፈቅዶ ነበር። ኦስቫልድ ተሽከርካሪ ወንበር ተውሶ፣ ጀልባው ላይ መውጫ ሳንቃ ሠርቶ፣ ብርድ ልብስ ይዞ ነው ሲጠብቅ የከረመው። ቅዳሜ ማታ ባሰባት። እኔ ስደርስ መንቀሳቀስ አትችልም ነበር።"

"ለምን ያን ጊዜ በስልክ አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝም እትዬ።"

ሊደብቀኝ ይችል ነበር። ምንም አልጎዳም፣ ይልቅ ደስ ብሏት ነው የሞተችው ሊለኝ ይችል ነበር፤ ይህም ከእውነት አይርቅም። እኔ ብሆን እንደዚያ እል ነበር። እሱ ግን ከፊቴ ተቀምጦ፣ ዓይኔን እያየ፣ ሳያለሰልስ ነገረኝ። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። እኔ የማውቀው እሱ ከሚያውቀው እንዲለይ አልፈለገም፤ እሱ የተሸከመውን እኔም እንድሸከመው ነው።

ሐዘን ቤት የሚገባ ሰው የራሱን ሙት ይዞ ነው የሚገባው። ያን ቅዳሜ ደረቴን የመታሁት ለወንድሜ ነበር፤ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ላላለቀስኩለት። ያን ቀን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያለቀስኩት ግን ለሄድቪግ ነው፤ ጀልባ ተዘጋጅቶላት፣ ብርድ ልብስ ተይዞላት፣ በእኔ ምክንያት ቤቷን ሳታይ ለቀረችው። ክፍሌ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ በቃዎት፣ ይተዉ አላለኝም።